ራበኝ፣ ተራብን፣ አስራቡን

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ የሰማው አንድ ወሬ አለ። «ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ውስጥ ፋሚን የሚለውን ቃል ፈልጉ፤ ምሳሌው ኢትዮጵያ ናት» ይባላል። የእንግሊዝኛ መምህር ይለዋል፣ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይለዋል፣ ውጭ ቆይቶ የመጣ ዘመድ ቡና ላይ ይለዋል። የትኛው እትም፣ ስንተኛው ገጽ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። ማስረጃ የማያስፈልገው ቀድመን ስላመንነው ነው። ብዙዎቻችን ይሄን የእንግሊዝኛ ቃል የተማርነው ከነሃፍረቱ ነው፤ ትርጉሙን ሳንጠይቅ ስማችን መሆኑን አወቅን።

እኔ ትርጉሙን ለመጠየቅ የተገደድኩት በሥራ ምክንያት ነው። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ቃሉ ራሱ ከየት እንደመጣ ላንሳ፤ ታሪኩ ደስ የማይል ቢሆንም አስተማሪ ነው።

«ፋሚን» ለእንግሊዝኛ እንግዳ ቃል ነው። ሥሩ ላቲን ሲሆን «ፋሜስ» ማለት ረሃብ ማለት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። ሲገባ ቤቱ ባዶ አልነበረም። «ሀንገር» የሚል፣ ከጀርመንኛ ጋር ሥር የሚጋራ የቆየ ቃል ነበር። ሁለቱ ቃላት ቀስ በቀስ ሥራ ተከፋፈሉ። ሀንገር ለሆድ ሆነ፣ ፋሚን ለአገር። ምሳ ሰዓት ያለፈበት እንግሊዛዊ ሀንገር ይሰማዋል፤ ፋሚን የሚባለው ብዙ ሕዝብ ሲያልቅ ነው።

ሦስተኛም ቃል አላቸው፤ «ስታርቭ»። በጥንቱ እንግሊዝኛ ይህ ቃል ረሃብን አያውቅም ነበር፤ ትርጉሙ መሞት ነበር፣ በቃ። ጀርመንኛ ውስጥ ያለው ዘመዱ «ሽቴርበን» ዛሬም መሞት ማለት ነው። እንግሊዝኛ ላይ ግን ትርጉሙ እየጠበበ ሄዶ በረሃብ መሞት ሆነ። ሌላም ነገር ጨመረ፦ አንዱ ሌላውን «ስታርቭ» ማድረግ ይችላል። ምግብ መከልከል፣ ማስራብ ማለት ነው። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ሥራዬ። ሶፍትዌር ጸሐፊ ነኝ። ከተወሰነ ጊዜ በፊት የምግብ ሁኔታን በካርታ የሚያሳይ ገጽ ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ ለቡድናችን ደረሰ። ይህን ዓይነት ሥራ ለማታውቁት፣ አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ፋይል አለ። በግራ በኩል የእንግሊዝኛው ቃል ይቀመጣል፣ በቀኝ በኩል የአማርኛው። ለአንዱ ቃል አንድ ምትክ። ኮምፒውተር «እንደ ሁኔታው» የሚባል ነገር አይገባውም።

ካርታው አምስት ደረጃ ነበረው። ይህ አምስት ደረጃ ያለው መለኪያ በ2004 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሶማሊያ ውስጥ ተጀምሮ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት ነው። አንደኛው ደህና ነው፣ ሁለተኛው ጫና፣ ሦስተኛው ቀውስ፣ አራተኛው አስቸኳይ። አምስተኛው ላይ «ፋሚን» ይላል። አንድ አካባቢ አምስተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል ለማለት ሦስት ነገር መሟላት አለበት። ከመቶ ቤተሰብ ቢያንስ 20ው የሚበላው ፈጽሞ ያጣ፣ ከመቶ ሕፃናት ከ30 በላይ የሚሆኑት በአጣዳፊ የምግብ እጥረት የተጎዱ፣ ከ10,000 ሰው መካከል ደግሞ በየቀኑ ቢያንስ 2 ሰው የሚሞት ሲሆን።

ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይህ የሚያምር ነገር ነው። ሦስት ሁኔታ፣ በመካከላቸው «እና»። ሦስቱም እውነት ከሆኑ ቃሉ ይነገራል፤ አንዱ ከጎደለ አይነገርም። ከዚያ ግን ቁጥሩን ወደማውቀው ነገር መለስኩት። 5,000 ሰው ያለበት አንድ ቀበሌ እናስብ። በየቀኑ አንድ ሰው ከቀበረ አምስተኛው ደረጃ ላይ ደርሷል። በየሁለት ቀኑ አንድ ሰው የሚቀብር ከሆነስ? እሱ አራተኛ ነው፤ «አስቸኳይ» ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ድንኳን ነው፣ አንድ ንፍሮ።

መለኪያውን ለማጣጣል አይደለም። ቁጥር ባይኖር ኖሮ ቃሉ የፈለገ የሚያነሳው፣ የፈለገ የሚጥለው ይሆን ነበር። እንዲያውም በዚህ ጥብቅነት የተነሳ ቃሉ የተነገረባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው፦ በ2003 ዓ.ም. ሶማሊያ፣ በ2009 ደቡብ ሱዳን፣ በ2016 ሱዳን ዳርፉር ያለው የዘምዘም መጠለያ፣ በ2017 ጋዛ። ችግሬ በቀኝ በኩል የሚቀመጠው የአማርኛ ቃል ነበር።

እስኪ ሞክሩት። መጀመሪያ የሚመጣላችሁ «ረሃብ» ነው። ግን እዚያው ፋይል ውስጥ «ሀንገር»ም አለ፤ እሱም ረሃብ ነው። አንድ ቃል ለሁለት ቁልፍ። ከቡድኑ አንዱ «ለሀንገር የምግብ እጥረት እንበለው» አለ። ሌላዋ «ጠኔ» አለች። ጠኔ ግን ሰውን መንገድ ላይ ዓይኑን አጨልሞ የሚጥለው ነው፤ ጉልበት የሚከዳበት ቅጽበት እንጂ አገር የሚያክል ነገር አይደለም። «ችጋር» ተባለ። ችጋር ይቀርባል፣ ግን ረጅም ነው፤ ዓመታት የሚቆይ ማጣትን ይመስላል፣ ደግሞም «ችጋራም» ብለን ሰው እንሰድብበታለን። «ቸነፈር» ያለም ነበር፤ እሱ ወረርሽኝ ነው፣ ከረሃብ ጎን ለጎን ስለሚጠራ ተምታቶበት ነው። «እልቂት» መግደያውን አይናገርም። «ድርቅ» ደግሞ የሰማይ ጉዳይ ነው፤ ስለ ሰው ምንም አይልም።

መጨረሻ ላይ አንዱ «አማርኛ ለዚህ ቃል የለውም ማለት ነው» አለ። ይቺ አባባል ብዙ ቀን ከነከነችኝ። ይህን ያህል ያየ ሕዝብ እንዴት ቃል ያጣል?

የእናቴ እናት የምትኖረው አንኮበር ወረዳ ውስጥ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ ሄዶ፣ ደጋው አልቆ ምድሩ ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል መውረድ የሚጀምርበት አካባቢ። ከዚያ ቁመህ ስታይ አፋር ቆላ ጭጋግ ለብሶ ከሥርህ ይተኛል። ለፋሲካ ስንሄድ ጠየቅኳት። «ያንን ሁሉ ሰው የጨረሰውን ረሃብ በምን ስም ነው የምትጠሩት?»

«ስም ምን ያደርግለታል?» አለች። «ሰባ ሰባት ነዋ።»

እውነቷን ነው። እኛ እንዲህ ዓይነቱን ነገር በቁጥር ነው የምንጠራው። ስልሳ ስድስት። ሰባ ሰባት። ዓመተ ምሕረት አንልም፣ ድርቅ ወይም ረሃብ ብለን ማሟላትም አያስፈልገንም። ቁጥሩ ብቻውን ቤት ውስጥ ከተነገረ ትልልቆቹ ዝም ይላሉ። ከዚያ በፊት ለነበረው ለትልቁ ደግሞ ቁጥርም አልሰጠነውም፤ «ክፉ ቀን» ነው ያልነው።

ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየው ነው። የጀመረው ከሰው ሳይሆን ከከብት ነው። ጣልያኖች ለጦራቸው ከህንድ ባስመጡት ከብት በምፅዋ በኩል አንድ የከብት ወረርሽኝ ገባ። ከአገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ ማረሻ ቆመ፤ ዝናብ ቀረ፣ አንበጣና ተምች ተከተለ። አጼ ምኒልክ ጎተራቸውን እንደከፈቱ፣ ያለ በሬ መቆፈር ነውር የመሰለውን ሕዝብ ለማደፋፈር ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ይነገራል። ንጉሡ ለዘመናት የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ከነበረችው ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ከወጡ ገና ብዙ አልቆዩም ነበር።

የዚያ የከብት በሽታ የአማርኛ ስሙ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ደስታ»። የሚያስፈራውን በስሙ ላለመጥራት በተቃራኒው ጠሩት። በሽታው ከመላው ዓለም መጥፋቱ በይፋ የተነገረው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ሶማሊያ ላይ «ፋሚን» የሚለው ቃል ከመነገሩ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ። አንዱ ክፉ ስም ሲፋቅ ሌላው ተጻፈ።

«ክፉ ቀን» የሚለው ዛሬም ከአፋችን አልወጣም። በቴሌብር ትንሽ ብር የምታስቀምጥ ጓደኛዬ «ለክፉ ቀን» ትላለች። ቃሉ ግን አንድ ነገር ይደብቃል። ክፉ የሆነው ቀኑ ነው፤ ሰው የለበትም። ቀን ይከፋል፣ ቀን ያልፋል። ከዚህ ትዕግሥት የተረፈ ሰው ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። ቀን ግን ፍርድ ቤት አይቀርብም።

ስልሳ ስድስትን እንመልከት። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሰው እያለቀ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሄደው አይተው፣ ፎቶ አንስተው ተመለሱ፤ ተማሪው ፎቶውን አየ፣ ተቆጣ። ዋናው የሰሜን መንገድ፣ ያው በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አድርጎ ወደ ደሴ የሚሄደው፣ ወሎ ላይ ዳር ዳሩን በተራበ ሰው ተሞልቶ ነበር፤ አውቶቡስ እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። መንገደኛ ሁሉ አይቷል። በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፊልሙን በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ያልታወቀው ረሃብ» ነው።

ያልታወቀው? ለማን?

አንድ ዓመት ሳይሞላ ይኸው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ደርግ በቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች እየቆራረጠ እንደገና አሰናድቶት ነበር። ቀኑ መስከረም 1 ቀን 1967፣ የዘመን መለወጫ ምሽት ነው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የተለወጠው ምስሉ ብቻ አልነበረም፤ ርዕሱም ተለውጧል። «የተደበቀው ረሃብ» ሆነ።

እነዚህን ሁለት ርዕሶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። «ያልታወቀ» ነገር ጥፋተኛ የለውም፤ ሳይታወቅ ቀረ፣ አለቀ። «የተደበቀ» ነገር ግን ደባቂ አለው። በአንድ ግስ ለውጥ መንግሥት ወደቀ ብል ማጋነን ነው፤ ያ ምሽት ግን አንድ ግስ ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል። የሚያሳዝነው፣ ግሱን የለወጡት ሰዎች ከአሥር ዓመት በኋላ ራሳቸው ተረኛ ደባቂ መሆናቸው ነው። በመስከረም 1977 አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በመብራትና በሰልፍ ስታከብር ሰሜኑ እየረገፈ ነበር። ዓለም ያወቀው በጥቅምት 13 ቀን 1977፣ የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ምስል ሲታይ ነው።

አያቴ ይህን ሁሉ አታውቅም። የምታውቀው የራሷን ነው። «በልጉ ቀረ» አለችኝ። «ክረምቱን ጠበቅን፣ እሱም ዘገየ። ገብሱ ሳያሽት ደረቀ። መጀመሪያ በጉን ሸጥን፣ ኋላ በሬውን። በሬ ሻጩ በዛና ዋጋው ወረደ።» ትንሽ ዝም ብላ ቆየች። «እህል ጠፍቶ መሰለሽ እንዴ ልጄ? ገበያ ላይ ነበር እኮ። ጆንያው ተደርድሮ እናየዋለን። ከኛ እጅ ነው የጠፋው።»

አማርትያ ሴን የሚባል ህንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ አለ፤ ኋላ ኖቤል ተሸልሟል። በ1981 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለ ድህነትና ስለ ፋሚን ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለኢትዮጵያ ሰጥቷል። ያገኘው ነገር ብዙዎችን አስደንግጧል። በ1973 የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት ያን ያህል አልቀነሰም። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም። እንዲያውም ከወሎ እህል እየወጣ ወደ አዲስ አበባና አስመራ ይሄድ ነበር። የወሎ ገበሬ ማሳው ከደረቀ፣ ከብቱን በርካሽ ከሸጠ በኋላ የሚገዛበት አልነበረውም፤ ስለዚህ ገበያውም አልጠራውም። ሰው የሚራበው ምግብ ስለሌለ ብቻ አይደለም፣ ምግቡ ላይ መብት ስለሌለው ነው የሚለው የሴን ሐሳብ ከዚህ ይነሳል። አያቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሳዋለች፦ ከኛ እጅ ነው የጠፋው።

ከዚያ ጉዞ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ፣ ስንፈልግ የነበረው በተሳሳተ ቦታ እንደሆነ ገባኝ። ስም ነበር የምንፈልገው። አማርኛ ግን ሥራውን የሚሠራው በግስ ነው።

ምሳ ያለፈው ሰው «ራበኝ» ይላል። የሚገርም ግስ ነው። እኔ ባለቤቱ አይደለሁም፤ የሆነ ነገር መጥቶ ያዘኝ፣ እኔ ተቀባይ ነኝ። እንጀራ ሲቀርብ ይሄዳል። አያቴ ስለ ሰባ ሰባት ስታወራ አንዴም «ራበን» አላለችም። «ተራብን» ነው የምትለው፣ እሱንም እንግዳ ካለ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ራበኝና ተራብኩ አንድ አይደሉም። ማንም ሰው ቢሮ ውስጥ «ተራብኩ፣ ምሳ እንውጣ» ቢል እንስቃለን። ያቺ «ተ» የሰዋስው መምህር ምንም ይበላት፣ ለጆሮዬ ከተዘረፍን፣ ከተመታን፣ ከተፈናቀልን ጋር አንድ ቤት ናት። የደረሰብንን ትናገራለች። እንግሊዝኛ ሀንገርና ፋሚን ብሎ በሁለት ስም የለየውን አማርኛ በአንዲት ፊደል ለይቶታል።

ሦስተኛውም አለ፤ «አስራቡን»። ባለቤት ያለው፣ ቢያንስ «እነማን?» የሚያስብል ግስ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ «ስታርቭ» እዚህ ይገባል። አሌክስ ደ ዋል የተባለው፣ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ረሃብ ለዓመታት ያጠና ጸሐፊ፣ ሲከራከር የኖረው በዚህ ነው፦ በዘመናችን ብዙ ሕዝብ የሚራበው ሰዎች በሰዎች ላይ በሚያደርጉት ነገር ነው። መንገድ ይዘጋል፣ እህል ይቃጠላል፣ ገበያ ይከለከላል፣ ወሬ ይታፈናል። ዝናብ ይህን አያደርግም።

ይህ የድሮ ታሪክ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃሁ። በሰኔ 2013 ትግራይ ውስጥ ወደ 350,000 የሚጠጋ ሰው አምስተኛ ደረጃ ላይ ነው የሚል ግምት በዚሁ መለኪያ ወጣ። አካባቢው ግን «ፋሚን» አልተባለም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ኃላፊ የነበረው ማርክ ሎውኮክ አሁን ፋሚን አለ ብሎ ተናገረ፤ መንግሥት አልተቀበለውም። በጥር 2016 የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይና በአማራ ክልሎች ወደ 400 የሚጠጋ ሰው በረሃብ መሞቱን አስታወቀ። በዚያው ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለፓርላማ በረሃብ የሞተ ሰው እንደሌለ፣ ከምግብ እጥረት ጋር በተያያዘ በሽታ የሞቱ ግን ሊኖሩ እንደሚችሉ ተናገሩ። ልብ በሉ፣ ክርክሩ የሞተው ሰው ላይ አልነበረም። ቃሉ ላይ ነበር።

የመሥሪያ ቤቶቻችንንም ስም ብታዩ እንዲሁ ነው። ስልሳ ስድስትን ተከትሎ የተቋቋመው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበር። ኋላ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ሆነ። ዛሬ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ነው። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ረሃብ የሚለው ቃል በር ላይ ተጽፎ አያውቅም። ዕርዳታ አደጋ ሆነ፣ አደጋ ስጋት ሆነ። ገጠር ውስጥ ሕዝቡ «ሴፍቲኔት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንደ ራሱ ቃል ይናገራል፤ ለምን እንደመጣ የሚናገረው ቃል ግን በለሆሳስ ነው የሚወራው። ከላይ ያለው ቃሉን የሚፈራው ስለሚያስጠይቀው ነው፤ ከታች ያለው ስለሚያሳፍረው። ረሃብተኛ ብለን የምንሳደብ ሰዎች ነንና በዚህ የሁላችንም እጅ አለበት።

ሥራው እንዴት አለቀ ለምትሉ፣ በአምስተኛው ረድፍ ላይ «ረሃብ» ብለን ጻፍን። ለሀንገር «መራብ» አደረግን። «የምግብ እጥረት» የሚለውን ለሕፃናቱ ልኬት ብቻ ተውነው። ደንበኛው ተቀበለው። ገጹ ላይ ቀዩ ቀለም ሲነካ አንድ ትንሽ ሳጥን ይከፈታል፦ የቤተሰብ ብዛት፣ የሕፃናት ልኬት፣ የሞት መጠን፣ ቀን። ከታች «ምክንያት» የሚል ዝርዝር አለ፤ ድርቅ፣ ጎርፍ፣ አንበጣ፣ ግጭት፣ የዋጋ ንረት። አንዱን መርጦ ማስቀመጥ ነው። «ማን» የሚል ረድፍ ግን የለም።